ከአሜሪካ የመጣ የፀጉር ቫይታሚን ውስጡ ምን እንዳለ የት ይታያል?

የሰፈር ልጅ፦ ሰላም ናችሁ። እህቴ ከሜሪላንድ ለእማዬ የፀጉርና የጥፍር ቫይታሚን ላከችላት። ሻንጣ ውስጥ ሽቶ ፈሶበት የኋላው ጽሑፍ ጠፍቷል፤ የሚነበበው ስሙና ባርኮዱ ብቻ ነው። እማዬ ደግሞ የታይሮይድ መድኃኒት፣ ሌቮታይሮክሲን ትወስዳለች፤ በሚቀጥለው ሳምንት የደም ምርመራ አላት። ምን ምን እንዳለው የት ልይ? ጉግል ላይ የሚመጣው ሁሉ ሻጭ ነው።

ቀበና፦ ዲኤስኤልዲ የሚባል አለልህ። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም የሰፕልመንት (እንደ ቫይታሚን ያሉ ተጨማሪዎች) ሌብሎችን፣ ማለትም ጠርሙሱ ላይ የሚለጠፈውን ጽሑፍ፣ የሚያስቀምጥበት ድረ ገጽ ነው፣ በነፃ። ከ200 ሺህ በላይ ሌብል አለው። የምርቱን ስም ጽፈህ ፈልግ፣ የሌብሉን ፎቶ ጭምር ታያለህ። ግን ከገበያ የወጡትም አብረው ስላሉ አንዱ ምርት ሶስት አራት ቦታ ሊመጣብህ ይችላል፤ ባርኮዱና የፍሬው ብዛት ካንተ ጋር የሚገጥመውን ያዝ።

ፋርማሲስቷ፦ ልክ ነው፣ ግን እዚያ ያለው ኩባንያው ራሱ የጻፈው ነው። እውነት መሆኑን መርምሮ ያረጋገጠ የለም። በ1994 በወጣው ሕጋቸው መሠረት ሰፕልመንት ገበያ ከመውጣቱ በፊት የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪያቸው ኤፍዲኤ አያጸድቀውም። «ፕሮፕራይተሪ ብሌንድ» (የኩባንያው የራሱ ድብልቅ) የሚል ካየህ ደግሞ የድብልቁ ጠቅላላ ክብደት እንጂ የእያንዳንዱ መጠን አይጻፍም። እኔን በጣም የሚያናድደኝ እሱ ነው።

የሰፈር ልጅ፦ አገኘሁት! ባዮቲን 10,000 ማይክሮግራም፣ ካልሲየምም አለው። በዛ እንዴ?

ፋርማሲስቷ፦ ባዮቲን የቫይታሚን ቢ ዓይነት ነው፤ ለአዋቂ በቀን 30 ማይክሮግራም ይበቃል፣ አስላው እንግዲህ። መርዝ ነው ማለቴ አይደለም። ጣጣው ምርመራው ላይ ነው፤ ባዮቲን በአንዳንድ መመርመሪያዎች በታይሮይድ ምርመራ የሚለኩትን ሆርሞኖች፣ ቲኤስኤችን ዝቅ፣ ቲ4ን ከፍ አድርጎ በስህተት ያሳያል። ሐኪሙ ያንን አይቶ መድኃኒቱ በዝቶባታል ብሎ ሊቀንስባት ይችላል። ከምርመራው ቢያንስ 2 ቀን ቀድማ ታቁም፤ የሷ መጠን ትልቅ ስለሆነ ከዚያም በላይ ሊያስፈልግ ይችላልና ሐኪሟን ጠይቁት። ካልሲየሙ ደግሞ ሌቮታይሮክሲኑ በደንብ እንዳይመጠጥ ያደርጋል፣ በመካከላቸው የ4 ሰዓት ልዩነት ይኑር።

እታለም፦ እኔ ቫይታሚን መድኃኒት አይደለም ብዬ ሳልናገር ቀርቼ ሁለቴ ከፍዬ ተመርምሬያለሁ። ጠርሙሱን ራሱን ይዛችሁ ሂዱ፣ የሌብሉንም ፎቶ ስልክህ ላይ አድርገው።

የሰፈር ልጅ፦ እግዜር ይስጣችሁ። ከዛሬ ጀምሮ አስቁሜያታለሁ። ተቆጥታለች፤ ፀጉሬ ገና መመለስ ሲጀምር ነው ትላለች። እህቴ ደግሞ ሌላ ሁለት ጠርሙስ በሰው ልካለች አሉ።