ትሪቢዩት ባንድ ሳይ አለቀስኩ፤ ያለቀስኩት ለማን ነው?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። ቅዳሜ ማታ ከታላቅ ወንድሜ ጋር የእንግሊዙን የሮክ ባንድ የፒንክ ፍሎይድን ሥራዎች ብቻ የሚጫወት ትሪቢዩት ባንድ ልናይ ሄድን። እኔ ቅር እያለኝ ነው የሄድኩት። የሰው ዘፈን የሚጫወት ባንድ ምን አዲስ ነገር ያሳየኛል ብዬ። ወንድሜ ግን ከጎረምሳነቱ ጀምሮ የነሱን ካሴት ሲያዳምጥ የኖረ ነው። አንድ ክፍል ውስጥ ስላደግን እኔም ሳልፈልግ በቃሌ ይዤዋለሁ።

መብራቱ ጠፋ። የኪቦርዱ ድምፅ ከሩቅ እንደሚመጣ ነገር ቀስ እያለ አዳራሹን ሞላው። ከዚያ ጊታሩ አራት ኖታ መታ። አራት ብቻ። ወንድሜ ክንዴን ጨብጦ ያዘኝ። ዞር ብዬ ሳየው አይኑን ጨፍኗል። እኔም ጨፈንኩ። እንባዬ መጣ።

ስገልጥ ግን ጊታሩን የያዘው በሕይወቴ አይቼው የማላውቅ ሰውዬ ነው። ሸሚዙ ጀርባው ላይ በላብ ተጣብቋል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ነገሩ ይከነክነኛል። ስጨፍን እነሱ ናቸው፣ ስገልጥ ሌላ ሰው። ታዲያ ያለቀስኩት ለማን ነው? የጥንቶቹ አባላት ራሳቸው ተመልሰው ሲሰባሰቡስ ስሜቱ ይለያል? ያያችሁ ንገሩኝ።

መልስ 1

ይለያል እንጂ! እ.ኤ.አ. ጁላይ 2 ቀን 2005 ለንደን ሃይድ ፓርክ ውስጥ በላይቭ 8 ኮንሰርት ላይ ፒንክ ፍሎይድ የተጫወቱትን ቪዲዮ ፈልገህ እየው። ከአባላቱ ሮጀር ዋተርስና ዴቪድ ጊልሞር በባንዱ ስም እስከ ሕግ ድረስ የተጣሉ ሰዎች ናቸው። አራቱ አባላት አንድ መድረክ ላይ ከቆሙ 24 ዓመት ሆኗቸው ነበር። የተጫወቱት ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ሲጨርሱ አራቱም ተቃቅፈው ቆሙ። ኪቦርድ ተጫዋቹ ሪቻርድ ራይት በ2008 አረፈ፤ አራቱም እንደዚያ አብረው ሲጫወቱ የታዩት ያን ቀን ለመጨረሻ ጊዜ ነበር። እዚያ ሙዚቃ ብቻ አይደለም የምታየው። እርቅ ነው የምታየው። ያንን ደግሞ ማንም አጥንቶ ሊጫወትልህ አይችልም።

መልስ 2

ወንድሜ፣ እኔ ሸሚዙ በላብ ከሚርሰው ወገን ነኝ። የሊድ ዜፔሊንን ዘፈኖች በሚጫወት ትሪቢዩት ባንድ ውስጥ 11 ዓመት ጊታር ይዣለሁ። ስለዚህ ከመድረኩ በኩል ያለውን ልንገርህ።

ሰው የምናስመስል ይመስለዋል። ዊግ የሚያደርጉ አሉ፤ እኛ አናደርግም። ሥራው ያለው ጆሮ ላይ ነው። አንድ ምሳሌ ልስጥህ። የሊድ ዜፔሊን ጊታሪስት ጂሚ ፔጅ ስቱዲዮ ውስጥ ጊታሮችን አንዱን በሌላው ላይ እየደራረበ ነበር የሚቀዳው። መድረክ ላይ ግን ያለው ሁለት እጅ ነው። ያንን ታዋቂ ረጅም ዘፈናቸውን ለመጫወት ባለ ሁለት አንገት ጊታር የያዘው ለዚህ ነው። የላይኛው አንገት 12 ክር አለው፣ የታችኛው 6። እኔም እንደሱ ዓይነት ገዛሁ። ከባድ ነው፤ ካወረድኩት በኋላ ግራ ትከሻዬ ሌሊቱን ሙሉ ይጠዘጥዘኛል። ከላይኛው አንገት ወደ ታችኛው ድምፁን የምታሻግር ትንሽ ማዞሪያ አለችው። ሶሎው፣ ማለትም ጊታሩ ዜማውን ይዞ የሚወጣበት ክፍል፣ ከመጀመሩ በፊት እሷን መምታት አለብህ።

አንድ ምሽት ረሳኋት። ጣቴ የታችኛው አንገት ላይ ነው፣ ድምፅ የለም። ድራሙና ቤዙ ይሄዳሉ፣ ጊታር የለም። ደሜ ቀዘቀዘ። ያኔ ከፊት መደዳ ያሉት የሶሎውን መግቢያ በአፋቸው ያዙት። ግጥም የለውም እኮ፣ ዜማ ብቻ ነው። ከዚያ አዳራሹ ሁሉ ተቀበላቸው። እያንዳንዷን ኖታ ያውቋታል። ማዞሪያዋን አግኝቼ ስገባ እነሱ በደረሱበት ነው የገባሁት።

ከዚያን ቀን ወዲህ ለማን እንደምጫወት ጥያቄ የለብኝም። አንተም ጊታሪስቱ ከመምጣቱ በፊት ዘፈኑን ይዘኸው ነበር፤ እሱ ደግሞ ድምፅ ሰጠልህ።

ሌላም ነገር አለ። ቢትልሶች ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ኦገስት 29 ቀን 1966 ካቀረቡት ኮንሰርት በኋላ መዞር አቆሙ። ሳርጀንት ፔፐር የተባለው አልበማቸው የወጣው ደግሞ በ1967 ነው። ስለዚህ የዚያን አልበም ዘፈኖች አራቱ ሆነው ሰው ፊት ተጫውተዋቸው አያውቁም። ቡትሌግ ቢትልስን የመሳሰሉ ትሪቢዩት ባንዶች ግን ከነመለከቱ፣ ከነቫዮሊኑ መድረክ ላይ ይጫወቷቸዋል። ይሄ ቅጂ ነው ትላለህ? የምን ቅጂ? ኦሪጅናሉ ኮንሰርት የለም እኮ።

መልስ 3

እኔ መሰባሰብ የሚሉት ነገር አንዴ አቃጥሎኛል። ስሙን የማልጠራው ትልቅ ባንድ "ተመልሷል" ተብሎ ውድ ቲኬት ገዛሁ። ከጥንቶቹ መድረክ ላይ የነበረው ቤዝ ተጫዋቹ ብቻ ነው። ይባስ ብሎ ድምፃዊው ማይኩን ከአፉ አርቆ እያለ ድምፁ ይወጣል። ስሙ ኦሪጅናል፣ ድምፁ ቅጂ።

ስለዚህ እኔ አሁን ስም አልገዛም። ቲም ኦወንስ የሮክ ባንዱን የጁዳስ ፕሪስትን ዘፈኖች በሚጫወት ትሪቢዩት ባንድ ውስጥ ሲዘፍን ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1996 የዋናው የጁዳስ ፕሪስት ድምፃዊ ሆነ። ጆርኒ የሚባሉት ባንድም ድምፃዊያቸውን አርኔል ፒኔዳን ያገኙት የነሱን ዘፈን ሲዘፍን በዩቲዩብ አይተው ነው። ባለቤቶቹ ራሳቸው መርጠው ካመጧቸው፣ እኔ ማነኝና አስመሳይ ናቸው የምለው?

መልስ 4

የባለ ሁለት አንገቱ ጊታር ታሪክ ሊነርድ ስኪነርድ የሚባለውን የሮክ ባንድ አስታወሰኝ። እ.ኤ.አ. በ1977 አውሮፕላናቸው ተከስክሶ ድምፃዊው ሮኒ ቫን ዛንት ከሞቱት አንዱ ነበር። በ1987 የተረፉት ሲሰባሰቡ ታናሽ ወንድሙ ጆኒ በሱ ቦታ ዘፈነ። ትልቁን የመዝጊያ ዘፈን ግን አልዘፈነውም። ባንዱ ሙዚቃውን ብቻ ተጫወተ፣ ግጥሙን ሕዝቡ ዘፈነው። እዚያ ማን ነው ባንዱ፣ ማን ነው ተመልካቹ?

የጠያቂው ምላሽ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። በተለይ ባለ ሁለት አንገት ጊታር ያለህ ወዳጄ፣ የጻፍከውን ለወንድሜ አነበብኩለት። ዝም ብሎ ሰማና "ያ ሰውዬ አራተኛዋን ኖታ ትንሽ አቆያት፤ አንተ አይንህን ጨፍነህ አላየኸውም እንጂ ክሯ ላይ ጣቱን እያንቀጠቀጠ ነበር" አለኝ። ለካ እሱ ቀድሞኝ ገልጧል።

በሚቀጥለው ወር ሌላ ትሪቢዩት ባንድ አለ። ሁለት ቲኬት ቆርጫለሁ፣ በጊታሪስቱ በኩል። እጁን ማየት እፈልጋለሁ።