ሂስትሮስኮፒ ታዞልኛል፤ ያደረጋችሁ እውነቱን ንገሩኝ

የሰሚት ልጅ፦
እህቶች ሰላም ናችሁ? 38 ዓመቴ ነው፣ አዲስ አበባ ነኝ። ፔሬዴ እየበዛ መጥቶ በየሁለት ሰዓቱ ሞዴስ እቀይራለሁ። አልትራሳውንድ ላይ ፖሊፕ (ማህፀን ውስጥ የሚበቅል ትርፍ ሥጋ) ሳይሆን አይቀርም ተባለና ሂስትሮስኮፒ፣ ማህፀን ውስጥ በካሜራ የሚያዩበት ምርመራ፣ ታዘዘልኝ። ሐኪሙ «ቀላል ነው፣ ትንሽ ቁርጠት ነው» ብሎ ወረቀቱን ሰጠኝ፣ ወዲያው ቀጣዩ ታካሚ ገባ። ጥያቄው ሁሉ የመጣልኝ ቤት ስደርስ ነው። በቢላ ይቀዱኛል? በጣም ያማል? ደግሞ ጾም ላይ ነኝ። አታባብሉኝ እሺ?

ለንደን ያለችው፦
እሺ፣ አላባብልሽም። እኔ እዚሁ ለንደን ነው ያደረግኩት፣ ነቅቼ፣ ያለ ማደንዘዣ። ቢላ የሚባል ነገር የለም። ቀጭን ካሜራ በብልት አስገብተው በማህፀን በር ያሳልፉታል። የማህፀን ግድግዳ እርስ በርሱ ተጠጋግቶ ስለሚቀመጥ፣ እንዲከፈትና እንዲታይ የጨው ውሃ ይለቁበታል። ውሃው ታዲያ ተመልሶ ይወጣል! ማንም አልነገረኝም፤ ጭኔ ሲረጥብ ሽንቴ አመለጠኝ ብዬ በሃፍረት ልሞት። ነርሷ «ውሃው ነው፣ አይዞሽ» ብላ ከሥሬ ሌላ ጨርቅ አነጠፈችልኝ።

ሕመሙ ካሜራው በሩን ሲያልፍ ነው። ጥርስ የሚያስነክስ የፔሬድ ቁርጠት በይው። ከዚያ ረገብ አለልኝና ስክሪኑን ማየት ጀመርኩ። ፖሊፔ ሮዝ ነገር ናት፣ ውሃው ውስጥ ወዲያ ወዲህ ትላለች። ማየት ብቻ ከሆነ ብዙ ጊዜ ከ10 ደቂቃ አያልፍም፤ የሚነሳ ነገር ካለ ይረዝማል።

ግን እኔ ቻልኩት ማለት አንቺም ትችይዋለሽ ማለት አይደለም። ከኔ ቀጥሎ የገባችው ሴት ጩኸቷ ኮሪደሩ ድረስ ተሰማኝ። እዚህ አገር ሴቶች ስለዚህ ሕመም ብዙ ጮኸዋል። አሁን የእንግሊዝ የማህፀን ሐኪሞች ኮሌጅ ራሱ፣ ነቅታም ሆነ ተኝታ የመታከም ምርጫው ቀድሞ ይነገራት፣ አቁሙ ካለችም ይቁም ይላል። ስለዚህ በምጥ ወልደሽ የማታውቂ ከሆነ ወይ ፔሬድሽ ድሮም የሚያሠቃይሽ ከሆነ ቀድመሽ ተናገሪ። አልጋ ላይ ወጥቶ መደራደር ከባድ ነው።

ሲስተር ነኝ፦
የማህፀን ክፍል ነርስ ነኝ። መጀመሪያ ደውለሽ «ነቅቼ ነው ተኝቼ?» ብለሽ ጠይቂ፤ የጾሙም መልስ እዚያ ላይ ነው። ነቅተሽ ከሆነ በልተሽ ነይ። ሽሮም ይሁን ፍርፍር፣ ብቻ ባዶ ሆድ አይሆንም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾመው መጥተው ከአልጋ ሲወርዱ እጃችን ላይ ዝልፍልፍ የሚሉ አሉ። ሙሉ ማደንዘዣ ከሆነ ግን ማደንዘዣው ከመሰጠቱ 6 ሰዓት ቀደም ብሎ ምግብ ይቆማል፣ ቤት የሚያደርስሽም ሰው ያዢ።

ቀኑ ፔሬድሽ እንዳለቀ ባለው ሳምንት ቢሆን ጥሩ ነው፤ ያኔ ግድግዳው ስስ ስለሆነ በደንብ ይታያል። እርግዝና ካለ አይሠራም፣ ስለዚህ ትመረመሪያለሽ። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስጂ ከሆነ ንገሪያቸው። ይህን ያህል እየፈሰሰሽ ደግሞ ሄሞግሎቢንሽን (የደም ማነስ እንዳለብሽ የሚያሳየውን) ሳትለኪ አትቅሪ።

ከዚያ በኋላ እስከ ሳምንት ጠብ ጠብ ሊል ይችላል። ሞዴስ ብቻ ተጠቀሚ፤ ደሙ እስኪቆም ግንኙነትም ይቆይ። ትኩሳት፣ መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ፣ የሚብስ ሕመም ወይ የሚጎርፍ ደም ካየሽ በዚያው ቀን ተመለሺ። ማህፀን መበሳት ብርቅ ነው፣ ግን አለ።

የሁለት ልጆች እናት፦
እኔ ተኝቼ ነው ያደረግኩት፣ ምንም አላስታውስም። አንድ ነገር ልጨምር፦ የነገሩሽ ዋጋ ማደንዘዣውንና ከማህፀን የሚወሰደውን ናሙና ምርመራ ይጨምር እንደሆነ ጠይቂ። እኔን ለብቻ አስከፍለውኛል። ናሙናው ከተላከ ውጤቱን ራስሽ ተከታተይ። ካልደወሉ ደህና ነኝ ማለት ነው ብለሽ እንዳትቀመጪ።

የሰሚት ልጅ፦
ተባረኩ! ደወልኩ። ነቅተሽ ነው አሉኝ። ማደንዘዣ ብፈልግስ ስላቸው «ይቻላል፣ ግን የማደንዘዣ ባለሙያ ስለሚያስፈልግ ቀኑ ይቀየራል» አሉ። ይቀየር አልኩ። ሲስተርዬ፣ እስከዚያ ለፔሬድ ቁርጠቱ ኢቡፕሮፌን ልውሰድ? ጨጓራ አለብኝ።

ሲስተር ነኝ፦
ጨጓራ ካለብሽ ኢቡፕሮፌኑ ይቅርብሽ፣ ፓራሲታሞል ይሻልሻል። ጨጓራ እንዳለብሽም ካርድሽ ላይ አስጽፊው።