ፍላሼ ላይ ያለው ፋየርፎክስ አልከፈት አለኝ

ሰላም ወገኖች። የራሴ ኮምፒውተር የለኝም፤ የምሠራው ኢንተርኔት ቤት ነው። ስለዚህ ፖርተብል ፋየርፎክስ (ኮምፒውተሩ ላይ ሳይጫን ከፍላሽ የሚከፈት ብሮውዘር) 16 ጊጋ ፍላሽ ላይ ጭኜ ይዤ እዞራለሁ። ቡክማርኬም ፓስወርዴም እዚያው ነው።

ትናንት እየሠራሁ መብራት እልም አለ። እኔም ፍላሹን ነቅዬ ወጣሁ። ዛሬ ሌላ ማሽን ላይ ሰክቼ ስከፍተው «ፋየርፎክስ ቀድሞ ተከፍቷል፣ ግን ምላሽ እየሰጠ አይደለም» የሚል መልእክት ያመጣል። የት ተከፍቶ? ታስክ ማናጀር ውስጥ ፈለግኩት፣ የለም። ሪስታርትም አደረግኩ፣ ያው ነው።

ስጎረጉር «ዳታ» ውስጥ ባለው «ፕሮፋይል» ፎልደር (ቡክማርኩና ፓስወርዱ የሚቀመጥበት) «ፓረንት ዶት ሎክ» የሚባል ፋይል አገኘሁ። መጠኑ ዜሮ ኪሎባይት። ጠርጥሬዋለሁ፣ ግን ልሰርዘው ፈራሁ። ብሰርዘው ፓስወርዶቼ አብረው ይጠፋሉ? ወይስ ፍላሹ ራሱ ተበላሽቶ ነው? ዊንዶውስ ደግሞ በሰካሁት ቁጥር «ስካን አድርጌ ላስተካክለው?» ይለኛል፤ እስካሁን እምቢ ብዬዋለሁ። መጀመሪያ ፕሮፋይሉን ኮፒ ላድርግ ወይስ ስካኑን ላስቀድም?

የደረሰበት ካለ እባካችሁ ቶሎ ንገሩኝ። ነገ ከሰዓት የምልከው የሥራ ማመልከቻ አለኝ፤ የኢሜይሌ ፓስወርድ ደግሞ (አትሳቁብኝ) በቃሌ አላውቀውም።