ከሐዋሳ እስከ ሪያድና ዱባይ፦ አቮካዶ በየብስና በባሕር ለመላክ ያወጣሁት ዕቅድ የት ላይ ይሳሳታል?

ላኪ ከሐዋሳ፦

ጤና ይስጥልኝ። ከሲዳማ አነስተኛ አምራቾች የምንሰበስበውን ሐስ አቮካዶ በሁለት ባለ 40 ጫማ ማቀዝቀዣ ኮንቴይነሮች ለመላክ በዝግጅት ላይ እንገኛለን። አንዱ ገዢያችን ያለው ሪያድ፣ ሌላው ዱባይ ነው። ያሰብኩት ሁለቱንም በኢትዮጵያና በጂቡቲ ድንበር ባለችው ገላፊ በኩል በመኪና ጂቡቲ አድርሼ፣ በአንድ መርከብ ጂዳ ላይ ካራገፍኩ በኋላ አንዱን ሪያድ ላይ ማስረከብ፣ ሌላውን በዚያው መንገድ ቀጥሎ ሳዑዲ ከኤምሬቶች በምትዋሰንበት በአል በጥሃ ኬላ ወደ ዱባይ ማሳለፍ ነው። የባሕሩ ጉዞ አንድ ከሆነ ክትትሉ ይቀልልኛል ብዬ ነው። ከሐዋሳ ጂቡቲ ወደ 1,000 ኪሎ ሜትር፣ ባሕሩ ወደ 1,300፣ ከጂዳ ሪያድ ወደ 950፣ ከሪያድ ዱባይ ደግሞ ወደ 1,000 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ሁሉም በ10 ቀን ውስጥ ያልቃል የሚል ግምት ይዣለሁ። ለገዢዎቹ ቀን ቆርጬ ከመንገሬ በፊት ግን በዚህ መስመር የሠራችሁ ወገኖች ግምቴ የት ላይ እንደሚሳሳት ብትነግሩኝ ውለታችሁን አልረሳም። ፍሬው የሚበላሽ ነው፤ የገበሬዎቹም ገንዘብ ገና አልተከፈለም።

ትራንዚተር ከአዳማ፦

ርቀቱን በደንብ አስልተዋል። ሆኖም በዚህ መስመር ቀን የሚበላው መንገዱ ሳይሆን ጭነቱ ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍበት ቦታ ነው፤ በእርስዎ ዕቅድ ውስጥ ደግሞ የማሸጊያው ግቢ፣ የጉምሩክ ፍተሻው፣ ገላፊ፣ የጂቡቲ ወደብ፣ የጂዳ ወደብና አል በጥሃ ሲቆጠሩ እንዲህ ያለው ቦታ ስድስት ይደርሳል። ስለዚህ ዕቅዱን ከሐዋሳ ወደ ፊት ሳይሆን ከመርከቡ ወደ ኋላ ይሥሩት። መጀመሪያ ወደቡ ኮንቴይነር መቀበል የሚያቆምበትን ሰዓት ከመርከብ ወኪሉ በጽሑፍ ይያዙ፤ መኪናው ከዚያ ሰዓት ሁለት ሙሉ ቀን ቀድሞ ጂቡቲ እንዲገባ አድርገው የመጫኛውን ቀን ይቁጠሩ፤ ለቀማው የሚታዘዘው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። አቮካዶ ዛፉ ላይ እያለ አይበስልም፤ መብሰል የሚጀምረው ከተለቀመ በኋላ ነው። መርከቡ ቢዘገይና ፍሬው ገና ካልተቆረጠ ዛፉ ራሱ መጋዘን ይሆንልዎታል፤ ከተቆረጠ ግን እያንዳንዱ የመዘግየት ቀን ከገዢው መደርደሪያ ላይ የሚቀነስ ቀን ነው።

ወደ አገራችን ከሚገባው ዕቃ የሚወጣው እጅግ ስለሚያንስ ጭነት አራግፈው ባዷቸውን ወደ ጂቡቲ የሚወርዱ መኪኖች አይታጡም። ማቀዝቀዣ ኮንቴይነር ግን ብዙውን ጊዜ ባዶውን ከጂቡቲ ወደ እኛ መምጣት ስላለበት እሱን ከመኪናው አስቀድመው ያስይዙ። የዚህ ኮንቴይነር ሥራ የቀዘቀዘውን ፍሬ እንደቀዘቀዘ ማቆየት እንጂ የሞቀውን ማብረድ እንዳልሆነም ልብ ይበሉ። ፍሬው በማቀዝቀዣ ክፍል ውስጥ ወደ 5 ወይም 6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይወርድ ከተጫነ በመንገድ ላይ የሚያስተካክለው ነገር የለም።

ሰዓትን በተመለከተ በራሴ የደረሰውን ልንገርዎ። የወደቡ መዝጊያ «12:00» ተብሎ በኢሜይል መጣልን፤ ለሾፌሩ በስልክ ሲነገረው «12 ሰዓት» ተባለ። እሱም በእኛ አቆጣጠር የምሽቱን 12 ሰዓት ተረድቶ በሰዓቱ ደረሰ፤ ወደቡ ግን በቀኑ 6 ሰዓት ዘግቶ ነበር። ኮንቴይነሩ የሚቀጥለውን መርከብ ሲጠብቅ የደረሰውን ኪሳራ ዛሬም አልረሳሁትም። ከዚያ ወዲህ ለሾፌር የምሰጠው ወረቀት ላይ ሰዓቱንም ቀኑንም በሁለቱም አቆጣጠር እጽፋለሁ። የካርቶኑ ብዛትና ክብደቱ በኢንቮይሱ፣ በፓኪንግ ሊስቱ (የጭነት ዝርዝሩ)፣ በዕፅዋት ጤና የምስክር ወረቀቱና በቢል ኦፍ ሌዲንጉ (የመርከብ ጭነት ሰነዱ) ላይ አንድ ዓይነት መሆኑን ከመኪናው መነሳት በፊት ራስዎ ያመሳክሩ። ከእ.ኤ.አ. ጁላይ 2016 ጀምሮ የተረጋገጠ ጠቅላላ ክብደት ያልቀረበለት ኮንቴይነር መርከብ ላይ እንደማይጫንም አይዘንጉ።

የጭነት ሠራተኛ ከጂዳ፦

ከአዳማ የተሰጠው ምክር ትክክል ነው፤ እኔ ከባሕሩ ወዲህ ያለውን ልጨምር። በእኔ አስተያየት የዱባዩን ኮንቴይነር ወደ ጂዳ አያምጡት፤ ከጂቡቲ በቀጥታ ዱባይ ወዳለው ጀበል አሊ ወደብ ይላኩት። የባሕረ ሰላጤው አገሮች እ.ኤ.አ. በ2003 የጉምሩክ ኅብረት ቢመሠርቱም በአል በጥሃ ወረፋውና ፍተሻው አልቀረም፤ 1,500 ኪሎ ሜትር ገደማ በረሃ ካቋረጡ በኋላ እዚያ መቆም ለፍሬ አይመከርም። የዕረፍት ቀኖቹም አይገጥሙም፦ ሳዑዲ ዓርብና ቅዳሜ ታርፋለች፤ ኤምሬቶች ደግሞ ከእ.ኤ.አ. 2022 ጀምሮ የመንግሥት ዕረፍታቸውን ቅዳሜና እሑድ አድርገው ዓርብን በግማሽ ቀን ይሠራሉ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ጂዳ የደረሰ ጭነት የአንድ ሰነድ ስህተት ካለበት እስከ እሑድ መፍትሔ ላያገኝ ይችላል። በዋና ዋናዎቹ ከተሞች ከባድ መኪና እንዳይንቀሳቀስ የሚከለከልባቸው ሰዓታት ስላሉ የሪያዱን መረካከቢያ ሌሊት ወይም ንጋት ላይ ያድርጉት።

ከአደጋ አንጻርም መለየቱ ይጠቅማል። ጂቡቲ ያለችው የቀይ ባሕር ደቡባዊ መግቢያ ከሆነው ከባብ ኤል መንደብ ሰርጥ በስተ ደቡብ ስለሆነ ወደ ጂዳ የሚሄድ መርከብ ሰርጡን ማለፍ ግድ ይለዋል፤ ከእ.ኤ.አ. 2023 መጨረሻ ጀምሮ በንግድ መርከቦች ላይ በደረሰው ጥቃት ምክንያት በርካታ የመርከብ ድርጅቶች ከቀይ ባሕር መውጣታቸው ይታወሳል። ወደ ጀበል አሊ የሚሄደው በኤደን ባሕረ ሰላጤና በአረብ ባሕር ስለሚዞር ያንን ሰርጥ አይነካም፤ ነገር ግን የሆርሙዝን ሰርጥ ያልፋል። ቦታ በሚያስይዙበት ሳምንት ለሁለቱም መስመሮች የጦርነት አደጋ መድን ዋጋ ይጠይቁ፤ መርከቡ በቀጥታ ይሄድ ወይም ሌላ ወደብ ላይ ኮንቴይነሩን ያዛውር እንደሆነም በጽሑፍ እንዲመልሱልዎ ያድርጉ።

የመስመር ሾፌር፦

ከአዋሽ ወደ ሚሌና ሰመራ ሲወረድ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሊበልጥ ይችላል። ለኮንቴይነሩ ኃይል የሚሰጠው ጄኔሬተር እንደ መኪናው ሁሉ ነዳጅ እንደሚፈልግ አስቀድመው ያስቡበት፤ ለሾፌሩ ለመኪናው ብቻ ነዳጅ አስልቶ ማሰናበት ትልቅ ስህተት ነው። በየመቆሚያው በኮንቴይነሩ ላይ የሚታየውን ዲግሪ በስልኩ ፎቶ አንሥቶ እንዲልክልዎ ይዋዋሉት። የኮሜሳ ቢጫ ካርድ የሚባለው ድንበር ተሻጋሪ የተሽከርካሪ መድንም የአገልግሎት ዘመኑ እንዳላለፈ ከመነሳቱ በፊት ይታይ፤ ጊዜው አልፎ ገላፊ ላይ ከተገኘ ጭነቱም አብሮ ይቆማል።

ላኪ ከሐዋሳ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የዱባዩን ኮንቴይነር ለይቼ በጀበል አሊ ለመላክ፣ ለቀማውንም የመርከቡ መዝጊያ በጽሑፍ ሳይደርሰኝ ላለማዘዝ ወስኛለሁ፤ ለገዢዎቹም 10 ቀን የሚለውን አልነግራቸውም። አንድ ጥያቄ ይቀረኛል። የሪያዱ ገዢ ኤፍኦቢ በሚባለው የሽያጭ ውል፣ በጂቡቲ ወደብ እንስማማ ይላል፤ ኮንቴይነሩ ወደብ ውስጥ መርከብ ሲጠብቅ ፍሬው ቢበላሽ ኪሳራው የማን ነው?

ትራንዚተር ከአዳማ፦

በኤፍኦቢ ከሆነ ዕቃው መርከቡ ላይ እስኪጫን ድረስ ኃላፊነቱ የእርስዎ ነው፤ ስለዚህ በወደቡ የሚያልፈው ቀን ሁሉ በእርስዎ ላይ ይቆጠራል። ለኮንቴይነር ጭነት ኢንኮተርምስ 2020 (የዓለም አቀፍ የሽያጭ ውሎች ደንብ) የሚመክረው ኤፍሲኤ የተባለውን ውል ነው፤ በእሱ ኃላፊነቱ የሚተላለፈው ገዢው ለመረጠው አጓጓዥ በተባለው ቦታ ሲያስረክቡ ነው። ቦታውን በውሉ ላይ በስሙ ያጽፉ፤ «ጂቡቲ» ብቻ ሳይሆን የትኛው ተርሚናል፣ የትኛው በር እንደሆነ። ገዢው ይህን እንቢ ካለ በወደቡ የሚቆይበትን ጊዜ የሚሸፍን መድን ገዝተው ዋጋውን ከሽያጩ ላይ ያስቡት። በካርቶኖቹ መካከልም የሙቀት መዝጋቢ ያስቀምጡ፤ ክርክር ከተነሳ ፍሬው የት ላይ እንደሞቀ በሰዓትና በዲግሪ የሚያሳይልዎ እሱ ነው።