የውሃ ቀለም ወረቀታችን ይጣመማል፣ ቀለሙም ይደፈርሳል፤ ምን እናድርግ? (ጅማ)

ጥያቄ፦ ቦዬ ዳር

ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ ውስጥ 14 ሆነን ቅዳሜ ቅዳሜ ከቀኑ 8 እስከ 10 ሰዓት አንድ አዳራሽ ውስጥ ሥዕል እንለማመዳለን። አብዛኞቻችን ከአክሪሊክ ወደ ውሃ ቀለም የተሻገርን ነን። የምንጠቀመው ባለ 24 ቀለም ሳጥንና የንድፍ ደብተር ነው። ወረቀቱ ውሃ ገና ሲነካው እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ ይሞገዳል። ሰማይ ስንቀባ መሃሉ ላይ አበባ ጎመን የመሰለ ጠርዝ ይወጣል። አረንጓዴያችን ደግሞ ወይ ፕላስቲክ ነው ወይ ጭቃ። ገንዘብ ልናዋጣ ነው፤ ምን እንግዛ? በዚህ ክረምትስ ነገር አልደርቅ ሲል መላው ምንድን ነው?

መልስ፦ የብሩሽ ጭራ

ገንዘቡ ካነሰ ቀለሙን ተዉትና ወረቀት ግዙ። ደህና ወረቀት ላይ ርካሽ ቀለም ያምራል፤ ደብተር ላይ ግን ውድ ቀለምም አይድንም። የንድፍ ደብተር ለእርሳስ የተሠራ ስስ ወረቀት ነው። እናንተ የሚያስፈልጋችሁ በካሬ ሜትር 300 ግራም የሚመዝን ወፍራም ወረቀት ነው። ከጥጥ የተሠራው ውሃ ይዞ ይቆያል፣ በእርጥብ ብሩሽ ቢታሽም ቶሎ አይላጥም፣ ዋጋው ግን ከበድ ይላል። ለልምምድ ከጥጥ ያልሆነውም ይበቃል።

ትልቁ ሉክ 56 በ76 ሳንቲ ሜትር ነው። ለስምንት ሲቆረጥ እያንዳንዱ 19 በ28 ይሆናል። ሁለት ሉክ 16 ቁራጭ ይወጣዋል፤ ለ14 ሰው አዳርሶ ሁለቱ ለቀለም መሞከሪያ ይተርፋሉ። ጀርባውም ይቀባል፣ አትጣሉት።

የሚሞገደው የወረቀቱ ክር ውሃ ሲጠጣ ስለሚያብጥ ነው። የረጠበው ሲሰፋ ደረቁ ባለበት ይቀራል፣ መሄጃ ያጣው መሃሉ ይነሣል። ባለ 300 ግራሙን አራቱንም ጎን በወረቀት ፕላስተር ኮምፔንሳቶ ላይ መለጠፍ ይበቃዋል፤ ፕላስተሩ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ወረቀቱን ይያዘው። ከ200 ግራም በታች የሆነውን ግን መወጠር ግድ ነው። ንጹሕ ውሃ ውስጥ 2 ወይም 3 ደቂቃ ዘፍዝፉት፣ ጥጉን ይዛችሁ አንጠባጥቡት፣ ኮምፔንሳቶው ላይ አጋድማችሁ ከጠርዙ 1 ሳንቲ ሜትር ገባ ብላችሁ በየ4 ሳንቲ ሜትሩ በስቴፕለር ምቱት። ተጋድሞ ይድረቅ፤ አቁማችሁ ካደረቃችሁት ውሃው ወደ ታች ይወርድና አንዱ ጎን ቀድሞ ይወጠራል። ሲደርቅ እንደ ከበሮ ነው። ሥዕሉ አልቆ ጨርሶ ሳይደርቅ እንዳትነቅሉት። ክረምት ላይ ይህን አርብ ማታ ሠርታችሁ እደሩ።

ብሩሽ፦ ለእያንዳንዱ ሰው ክብ 10 ወይም 12 ቁጥር አንድ፣ 6 ቁጥር አንድ። ባለ 1 ኢንች ጠፍጣፋ ለቡድኑ ሦስት አራት ካለ ይዳረሳል። 0 እና 1 ቁጥር፣ በጣም ቀጫጮቹን፣ አትግዙ፤ ጀማሪ እጁ ላይ ካለ ሰማዩንም በእሱ ሊቀባ ይሞክራል። ብሩሹን በጭንቅላቱ ኩባያ ውስጥ አትተዉት፣ ጸጉሩ ይታጠፋል፣ ማሰሪያው ቆርቆሮ ውስጥ ያለው ሙጫም ይለቃል። ፓሌት (የቀለም መደባለቂያ ሰሌዳ) ለመግዛት አትጨነቁ፤ ነጭ ሳህን ይበልጣል።

መልስ፦ ጅሬን 7

አበባ ጎመኑ የሚወጣው ብሩሹ ከወረቀቱ የበለጠ ውሃ ሲይዝ ነው። ሰማዩ ግማሽ ደርቆ ሳለ «እዚች ጋ ትንሽ ልጨምር» ይባላል፤ አዲሱ ውሃ የቀለሙን ብናኝ እየገፋ ወስዶ የቆመበት ጠርዝ ላይ ይከምረዋል።

ከመንካታችሁ በፊት ወረቀቱን ወደ ዓይናችሁ ትክክል አንሡና በአግድም ወደ መስኮቱ እዩት። እንደ መስተዋት ካብለጨለጨ ገና እርጥብ ነው፣ ቀለም መጨመር ይቻላል። ብልጭታው ለዝቦ እንደ ሐር ከሆነ እጃችሁን ሰብስቡ፤ ችግሩ ያለው እዚች ላይ ነው። ጨርሶ ከፈዘዘም በኋላ በእጃችሁ ጀርባ ንኩት፤ ቀዝቀዝ ካለ ውስጡ ውሃ አለ፣ ሁለተኛው ንብርብር የመጀመሪያውን ይዞት ይነሣል።

ለሰማይ አስቀድማችሁ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ያህል ቀለም በጥብጡ። መሃል ላይ ካለቀባችሁ ሌላ እስክትበጠብጡ ጠርዙ ይደርቃል። ሰሌዳውን ከኋላ በመጽሐፍ 6 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጉት። ብሩሹን ሞልታችሁ ከላይ ጀምራችሁ ከጎን እስከ ጎን አንዴ ሳቡ። መስመሩ ሥር የቀለም ዘለላ ይጠራቀማል፤ ቀጣዩ መስመር ያን ዘለላ እየነካ ይለፍ። ወደ ኋላ ተመልሶ መደባበስ የለም። ታች ስትደርሱ ብሩሹን ጨምቃችሁ የቀረውን ዘለላ ምጠጡት፤ ከተዋችሁት ወደ ላይ ይመለስና ያው አበባ ጎመን ይሆናል።

በበጋ 15 ደቂቃ የሚበቃው ንብርብር በጅማ ክረምት ግማሽ ሰዓትና ከዚያም በላይ ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ እያንዳንዱ ሰው ሁለት ወረቀት ለጥፎ እያፈራረቀ ይሥራ። ፎን (የጸጉር ማድረቂያ) ካላችሁ ብልጭታው ከጠፋ በኋላ ብቻ፣ ከ30 ሳንቲ ሜትር ርቀት። ቀድሞ ከተነፋ ንፋሱ ውሃውን አንድ ጥግ ይሰበስበዋል። ፎን የነፋችሁትን ወረቀት ወዲያው በእጅ ጀርባ አትፈትሹት፣ ሙቀቱ ይሸውዳችኋል፤ ይብረድ።

መልስ፦ ነጭ ወረቀት

ጭቃው ግማሹ የአክሪሊክ ልማድ ነው። በአክሪሊክ ብርሃኑ መጨረሻ ላይ በነጭ ይመጣል፤ እዚህ ነጩ ወረቀቱ ራሱ ነው። ከፈዛዛው ወደ ጠቆር ያለው ትሄዳላችሁ፣ የተሸፈነ ብርሃን እንደልብ አይመለስም። ነጩንና ጥቁሩን ከሳጥኑ አውጥታችሁ ደብቋቸው።

ሌላው ግማሽ ከሳጥኑ ነው። ባለ 24 ሲባል ብዙዎቹ ፋብሪካ ላይ የተደባለቁ ናቸው። ሁለት ድብልቅ ስትደባልቁ አራት አምስት ቀለም እየደባለቃችሁ ነው። ሰባት ይበቃችኋል፦ ሎሚ ቢጫ፣ ኦከር (አፈር የመሰለ ቢጫ)፣ ሞቅ ያለ ቀይ፣ ማጀንታ (ወደ ሐምራዊ ያደላ ቀይ)፣ አልትራማሪን (ወደ ሐምራዊ ያደላ ሰማያዊ)፣ ፍታሎ ሰማያዊ (ወደ አረንጓዴ ያደላ)፣ በርንት ሲየና (ቀላ ያለ ቡናማ)። ቲዩብ ከገዛችሁ ጀርባው ላይ ያለውን የቀለም ብናኝ ኮድ አንብቡ፤ አልትራማሪን ፒቢ 29 (PB29)፣ ፍታሎ ፒቢ 15 (PB15)፣ በርንት ሲየና ፒቢአር 7 (PBr7) ይላል። አንድ ኮድ ብቻ ካለው ያልተደባለቀ ነው። ፒአር 83 (PR83) የሚል ቀይ ለሚሰቀል ሥዕል አይሁን፣ ብርሃን ይበላዋል። ስትጠይቁ ደግሞ የሥዕል መሆኑን ተናገሩ፤ ሕንፃ መሣሪያ ገብቶ «ውሃ ቀለም» ያለ ሰው የግድግዳ ቀለም በጣሳ ተሸክሞ ነው የሚመለሰው።

ሁለት የውሃ ዕቃ ይኑራችሁ፤ የተቆረጠ ሃይላንድ ይሆናል። አንዱ ለመታጠቢያ፣ አንዱ ለንጹሕ ብቻ።

አረንጓዴ፦ ፕላስቲክ የሚመስለው ፍታሎ ከሎሚ ቢጫ ጋር ብቻውን ሲቀር ነው። ለቡና ቅጠል ኦከሩን በዛ፣ ፍታሎውን ጠብ አድርጉና በርንት ሲየና በብሩሽ ጫፍ ጨምሩ። ፍታሎ ኃይለኛ ነው፣ ሁልጊዜ ወደ ቢጫው ይጨመር እንጂ ቢጫውን ወደ እሱ አታምጡ። ቅጠሉን ደግሞ ቀርባችሁ እዩት። ከላይ ያብረቀርቃል፣ ብልጭታው ግን ፈዛዛ አረንጓዴ አይደለም፤ የሰማዩ ነው፣ ወደ ሰማያዊ ያደላል። ስለዚህ መጀመሪያ ቅጠሉን በሙሉ በጣም ስስ ሰማያዊ ቀቡት። ሲደርቅ ጥቁሩን አረንጓዴ በየደም ሥሩ መሃል አስገቡ፣ በየመሃሉ ቀጭን ሰማያዊ እየተዋችሁ። ጠርዙ ሞገድ ስላለው ብልጭታው በየሞገዱ ይቆራረጣል፤ አንድ ወጥ መስመር ካደረጋችሁት የጎማ ቅጠል ይሆናል። ለቀዩ ፍሬ ሥሩ ቢጫ፣ ላዩ ቀይ፣ ጥላው ቀይ ከትንሽ አልትራማሪን ጋር።

ቦዬ ዳር

እጃችሁ ይባረክ! ሦስት ነገር ቀረን። በቡና መሳል ይቻላል የሚሉ አሉ፣ እውነት ነው? ነጭ መጠበቂያ ፈሳሽ (ተቀብቶ ሥሩ ያለውን ወረቀት ከቀለም የሚከላከል፣ በኋላ የሚላጥ) እንግዛ? ዝናቡ ሲያባራ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ወጥተን ለመሥራትም አስበናል።

መልስ፦ አጋሮ በር

እህቴ፣ በጅማ ተቀምጦ ይህን መጠየቅ! ቡና ለብርሃንና ጥላ ልምምድ ከሁሉ ይሻላል፤ አንድ ቀለም ብቻ ስለሆነ ስለ ድብልቅ አታስቡም። ወፈር ያለ ቡና አፍልታችሁ አተላውን በነጠላ ጨርቅ አጥሩ፣ ከዚያ ክፍት ዕቃ ላይ ሩቡ እስኪቀር አንተክትኩት። ስኳር አይግባበት፣ አይደርቅም፣ ጉንዳንም ይጠራል። ሦስት ሲኒ አዘጋጁ፦ አንዱ ላይ 1 ቡና ለ6 ውሃ፣ ሁለተኛው ላይ 1 ለ2፣ ሦስተኛው ያልቀጠነ።

ጀበና በርጩማ ላይ አስቀምጡ፣ አጠገቡ ነጭ ሲኒ፤ ብርሃን ከአንድ መስኮት ብቻ ይግባ። መጀመሪያ በቀጭን እርሳስ ለ15 ደቂቃ ንደፉ። ስሱን ከሲኒውና ከጀበናው ብልጭታ በቀር ሁሉም ላይ አልብሱ። ሲደርቅ መካከለኛውን ጥላው ላይ፣ መጨረሻ ያልቀጠነውን ጀበናው ሥርና በርጩማው እግሮች መሃል። የጅማ በርጩማ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ ስለሚወጣ እግሩ ከመቀመጫው የሚገጥምበት ስንጥቅ የለውም፤ እዚያ ጋ መስመር ካሰመራችሁ አናጢ የገጣጠመው ወንበር ሆነ ማለት ነው።

መልስ፦ የብሩሽ ጭራ

ወንድም አጋሮ በር ያለው ለልምምድ ልክ ነው፤ ለሽያጭና ለኤግዚቢሽን ግን አልስማማም። ቡና በብርሃን ይለቃል፣ እርጥበት ባለበትም ይሻግታል። ያንኑ ቡናማ በበርንት ሲየናና በአልትራማሪን ታገኙታላችሁ። ሁለቱ እኩል ሲሆኑ ለጅማ የዝናብ ደመና የሚሆን ግራጫም ይወጣቸዋል፣ ጥቁር ሳይገዛ።

መልስ፦ ጅሬን 7

ፈሳሹን አሁን አትግዙ። ወረቀቱ እርጥበት እያለው ሲላጥ ቆዳውን ይዞ ይነሣል፣ ፎን ሲነፋበት ደግሞ ይጣበቃል። ጧፍ ወይም ነጭ ሻማ ውሰዱ፤ ነጭ እንዲቀር የምትፈልጉት ላይ ጫን ብላችሁ አሹ፣ ሰሙ ውሃውን ይገፋዋል። ጉድለቱ አንዴ ከታሸ አይነሣም፣ ቀጭን መስመርም በደንብ አይታዘዘውም።

ቤተ መንግሥቱ ወዳለበት ወደ ጅሬን ስትወጡ ጠዋት ይሁን፣ ከሰዓት ዝናብ ሊይዛችሁ ይችላል። ውስጡ ሙዚየም ስለሆነ ተቀምጦ ለመሥራት አስቀድማችሁ አስፈቅዱ። ቤቱ የእንጨት ነው፣ በረንዳውና ከላይ ያለው መከታ ዓይን ይስባል፤ ሁሉንም እንጨት ለመቁጠር አትነሡ። መጀመሪያ የበረንዳውን ጥላ ቅርጽ በእርሳስ ያዙ፣ ፀሐይ ስትዞር ይቀየራልና በ10 ደቂቃ ውስጥ ይለቅ። የመከታውን ቋሚዎች በጧፍ አሹና ላያቸው ላይ የጥላውን ጠቆር ያለ ቀለም በአንድ ጊዜ አልፉት። ቋሚዎቹ ራሳቸው ብቅ ይላሉ።

መልስ፦ የብሩሽ ጭራ

ስለ እርጥበቱ አንድ ነገር ተረሳ። ወረቀት ላይ ቀለም እንዳይሰርግ የሚያደርግ ሙጫ አለ፤ ሻጋታ የሚበላው እሱን ነው። ሉኮቹን ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ከጫማ ካርቶን የሚገኙትን እርጥበት መጣጭ ከረጢቶች ጨምራችሁ አስሩ፣ ከወለልና ከውጭ ግድግዳ አርቁ። የቀለም ሳጥኑን ከሥራ በኋላ ሌሊቱን ክፍት አሳድሩት። የቆየ ወረቀት ከመቀባታችሁ በፊት ጥጉ ላይ አንድ የቀለም ጠብታ ጣሉ። ጠብታው ጉብ ብሎ ከቆየ ደህና ነው፤ ወዲያው ከሰረገና ነጠብጣብ ካወጣ ያን ሉክ ለድብልቅ መሞከሪያ ቆራርጡት።