እንግሊዝኛ ስናገር የቃላቱ ቅደም ተከተል ይገለባበጥብኛል፤ በምን ልለማመድ?

የሐዋሳዋ፦
ሰላም ወገኖች። ሆቴል ውስጥ ሪሴፕሽን ላይ ነው የምሠራው። ፈተና ላይ ሰዋስው ከብዶኝ አያውቅም፤ እንግዳ ፊቴ ሲቆም ግን በአማርኛ አስብና በዚያው ቅደም ተከተል ይወጣል። «የጠየቁት ክፍል ዝግጁ ነው» ለማለት «ዘ ዩ አስክድ ሩም ሬዲ ኢዝ» ሊል ይዳዳዋል አፌ። ኮርስ እንዳልገባ ፈረቃዬ አይመችም። በስልክና በደብተር ብቻዬን የምለማመድበት መንገድ ካለ እባካችሁ ጠቁሙኝ።

መምህሩ፦
እህቴ፣ አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ያደርጋል፤ እንግሊዝኛ ከባለቤቱ ቀጥሎ ይፈልገዋል። ይህን ሁሉም ሰምቶታል። የሚያስቸግረው የአማርኛ ግስ ብቻውን ዓረፍተ ነገር መሆኑ ነው። «አልነገረችኝም» አንድ ቃል ናት፤ እንግሊዝኛው «ሺ ዲድ ኖት ቴል ሚ» ብሎ አምስት ያሰልፋል። ስለዚህ መጀመሪያ ግስ መፍታት ተለማመጂ። በሥራሽ ከአፍሽ የማይጠፉትን ያዢ፦ ከፈሉኝ፣ አላየኋቸውም፣ ጠርተውሻል። ማን? ድርጊቱ ምን? ማንን? እያልሽ በተራ አውጪ፤ አሉታው ከድርጊቱ በፊት ይግባ። «ከፈሉኝ» ሲፈታ «ዴይ ፔይድ ሚ»፣ «አላየኋቸውም» ሲፈታ «አይ ዲድ ኖት ሲ ዴም» ይሆናል።

ይህ ሲለምድሽ ወደ ወረቀት እለፊ። ከመማሪያ መጽሐፍ አጭር አንቀጽ ገልብጠሽ ዓረፍተ ነገሮቹን በሐረግ በሐረግ ቁረጪ፦ «ዘ ገስትስ»፣ «አራይቭድ»፣ «አት ዘ ሆቴል»፣ «ላስት ናይት»። አደባልቀሽ አስቀምጪና በማግስቱ ደርድረሽ ከመጽሐፉ ጋር አመሳክሪ። ቃል በቃል አትቁረጪ፤ ትንሿ «ዘ» የት ትግባ ስትይ ዋናው መስመር ይጠፋብሻል።

ከቨርጂኒያ፦
መምህር፣ በአክብሮት ነው፤ ወረቀቱ ለፈተና ይጠቅማል። ካውንተር ላይ የቆመ ሰው ግን የሚደረድርበት ፋታ የለውም። እኔ እዚህ ፓርኪንግ ስሠራ የረዳኝ አንድ ቅርጽ ይዞ መሃሉን መቀያየር ነው። እህቴ፣ በአማርኛ እንደ «የጠየቁት» ግስ ላይ «የ» ብለሽ የምትጀምሪው ገለጻ በእንግሊዝኛ ከስሙ በኋላ ይመጣል። «ዘ ሩም ዩ አስክድ ፎር ኢዝ ሬዲ» በይ። ቀጥሎ ስሙን፣ ግሱንና የመጨረሻውን ቃል ብቻ ቀይሪ፦ «ዘ ታክሲ ዩ ኮልድ ኢዝ ሂር»፣ «ዘ ባግ ዩ ሌፍት ኢዝ ሂር»። ጮክ ብለሽ በይው፤ በስልክሽ ቅጂውና አዳምጪው። በዓይን ያነበቡት ምላስ ላይ አይገኝም።

መምህሩ፦
እቀበላለሁ። ብቻ ግሱን መፍታት ሳትለምድ ቅርጹን ብትሸመድድ፣ እንግዳው ያልጠበቀችውን ሲጠይቃት ትቆማለች። ጠዋት ግስ ትፍታ፣ ማታ ቅርጹን ትለማመድ።

አንድ ተማሪ፦
ጥያቄ ውስጥ ጥያቄ ሲገባም ተጠንቀቂ። «ዌር ኢዝ ዘ ማናጀር?» ልክ ነው። «ዱ ዩ ኖው» ከፊቱ ከገባ ግን «ዱ ዩ ኖው ዌር ዘ ማናጀር ኢዝ?» ይሆናል። ስንት ዲግሪ ያለው ሰው የሚስተው ነው።

የሐዋሳዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እነዚህን ሞከርኩ፤ እስኪ አርሙልኝ።
«ብሬክፋስት ኢዝ አት ሰቨን ኢን ዘ ሬስቶራንት።»
«አወር ገስትስ ላይክ ቬሪ ማች ዘ ኮፊ።»
«ዘ ዋተር ኦልወይስ ኢዝ ሆት።»

መምህሩ፦
የመጀመሪያው ስህተት የለበትም፤ ቦታን ከጊዜ ማስቀደም ግን የተለመደው ነው፦ «ብሬክፋስት ኢዝ ኢን ዘ ሬስቶራንት አት ሰቨን»። (ሰዓቱን ከእኛ አቆጣጠር መቀየርሽን አትርሺ፤ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ለእንግዳው ሰቨን ነው።) ሁለተኛው ላይ ግስንና የሚወደደውን ነገር አትለያዪ፦ «ላይክ ዘ ኮፊ ቬሪ ማች»። ሦስተኛው «ዘ ዋተር ኢዝ ኦልወይስ ሆት» ይሁን። «ኦልወይስ» ከ«ኢዝ»፣ ከ«አር» እና ከመሰሎቻቸው በኋላ ይገባል፤ ሌላ ግስ ሲሆን ግን ይቀድማል፦ «ዊ ኦልወይስ ክሊን ዘ ሩምስ ኢን ዘ ሞርኒንግ»። «ዩዡዋሊ» እና «ኔቨር»ም እንደዚሁ ናቸው፤ በእነሱ ደግሞ ከሥራሽ ሌላ ሦስት ሠርተሽ ላኪልን።