ካርድ አንባቢው የራሱ የቁጥር ቁልፎች እያሉት ፒን የሚጠየቀው ለምን ኮምፒውተሩ ላይ ነው?

ቁልፍ ያዥ፦
ሰላም ቤተሰብ። ሊኑክስ ላይ ኢሜይል የምፈርመው በጂኤንዩፒጂ (የመፈረሚያና የማመስጠሪያ ፕሮግራም) እና የምስጢር ቁልፎቼን በያዘው ኦፕንፒጂፒ ካርድ ነው። ፒኔን በኪቦርድ መጻፍ ስለማልፈልግ የቁጥር ሰሌዳ ያለው አንባቢ ገዛሁ። ካርዱ በደንብ ይነበባል። ለመፈረም ስሞክር ግን አንባቢው ዝም ይልና ፒን መጠየቂያው ሳጥን ስክሪኑ ላይ ብቅ ይላል። ታዲያ ሰሌዳው ምን ሊሠራልኝ ነው? መፍትሔ ያለው ካለ እባካችሁ።

ተርሚናል፦
አንባቢው የተበላሸ አይመስለኝም። ካርዱን የሚያናግረው ኤስሲዴሞን የሚባለው ከጀርባ የሚሠራ የጂኤንዩፒጂ ክፍል ነው። እሱ ደግሞ የማያውቀው አንባቢ ሲገጥመው ሰሌዳው ርዝመቱ የሚለያይ ፒን ይቀበላል ብሎ አያስብም፣ ስለዚህ ጥያቄውን ወደ ኮምፒውተሩ ይመልሰዋል። የአንባቢህ መመሪያ ይቀበላል የሚል ከሆነ የኤስሲዴሞን ኮንፊግ (ማስተካከያ) ፋይል ውስጥ «ኢኔብል-ፒንፓድ-ቫርለን» የሚል መስመር ጨምር። ከዚያ በጂፒጂኮንፍ ትእዛዝ ኤስሲዴሞንን ግደለው (አስቁመው)፣ ስትፈርም ራሱ ይነሳል። ፒኑን ከጻፍክ በኋላ ማረጋገጫውን ቁልፍ መጫን እንዳትረሳ፣ አለዚያ አንባቢው ገና አልጨረሰም ብሎ ይጠብቅህና ያቋርጣል።

ሰብለ፦
ከዚያ በፊት የካርዱን ሁኔታ በሚያሳየው የጂኤንዩፒጂ ትእዛዝ፣ ካርድ-ስታተስ ላይ፣ ሁለት መስመር እይ። አንዱ ኬዲኤፍ ሴቲንግ ነው። ኦን ከሆነ ፒኑ ወደ ካርዱ ከመሄዱ በፊት ኮምፒውተሩ ላይ ሃሽ መደረግ (በስሌት ወደ ሌላ ኮድ መቀየር) አለበት፣ ስለዚህ ሶፍትዌሩ ራሱ ሰሌዳውን ይዘጋዋል፤ የፈለግከውን መስመር ብትጨምር ለውጥ የለውም። ሌላው ፒን ሪትራይ ካውንተር ነው። ደህና ከሆነ 3 0 3 ይላል፤ የመጀመሪያው ያንተ ፒን የቀረው ሙከራ፣ የመጨረሻው የአድሚን (የካርዱ አስተዳዳሪ) ፒን። የመጀመሪያው 1 ከደረሰ እባክህ እጅህን ሰብስብ! ያንተ ቢቆለፍ በአድሚን ፒን ይከፈታል። የአድሚኑም ካለቀ ግን የሚቀርህ ፋክተሪ ሪሴት ነው፣ እሱ ደግሞ ካርዱ ላይ ያሉትን የምስጢር ቁልፎች ጠራርጎ ያጠፋል። ደግሞ ፒንህ ፊደል ካለበት የቁጥር ሰሌዳ ላይ አታገኘውም፤ ቢያንስ 6 አሃዝ ያለው ቁጥር አድርገው።

ቁልፍ ያዥ፦
ተባረኩ! ኬዲኤፍ ኦፍ ነው፣ ካውንተሩም 3 0 3። መስመሩን ስጨምር አንባቢው መጠየቅ ጀመረ፣ ፊርማውም ሠራ። አሁን የቀረኝ ፒን መቀየር ነው፤ አሮጌውን ይቀበልና አዲሱ ላይ ሲደርስ ያቋርጣል።

ተርሚናል፦
አንዳንድ አንባቢዎች ፒን ማረጋገጥ ላይ ጎበዝ ሆነው መቀየር ላይ ይቸገራሉ። ከሰሌዳው ጋር አትታገል። ለጊዜው «ዲሴብል-ፒንፓድ» ጨምር፣ ኤስሲዴሞንን ግደል፣ ከዚያ የጂኤንዩፒጂ ካርድ ማስተካከያ የሆነው ካርድ-ኤዲት ገብተህ በፓስደብሊውዲ ትእዛዝ በኪቦርድ ቀይረው። ግን በምታምነው ኮምፒውተር ላይ ይሁን፣ ኪቦርድ የሚሰልል ፕሮግራም ካለበት ፒኑን ያየዋል፤ ሰሌዳ ያለው አንባቢ የገዛኸውም ለዚሁ ነው። ስትጨርስ መስመሩን አጥፍተህ ኤስሲዴሞንን እንደገና ግደለው፣ አለዚያ በአሮጌው ኮንፊግ ይቀጥላል።